ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ብራዚል

ደብረ ታቦር ውስጥ ሳሎኑን የማንጎ ቢጫ የቀባ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ቢጫ ስላችሁ ያንን ክሬም የሚሉትን፣ ቢሮው ሁሉ የሚቀባውን የታመመ ቀለም እንዳይመስላችሁ። የበሰለ ማንጎ ነው የምላችሁ። ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ወለሉ ሰማያዊና ነጭ አበባ አለው፣ በረንዳው በር አጠገብ ጣሪያውን ሊነካ የተቃረበ ኮባ ቆሟል። ቤቴ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። መጋረጃው ገለጥ ካለ ከታች በባጃጅ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ያያል። አንዴማ ጁስ ቤት የተከፈተ መስሎት ደረጃውን ወጥቶ ያንኳኳ ሰው አለ፤ አቮካዶ የለም ብዬ መለስሁት።

ይህን ሁሉ ያመጣችው ላገባት የነበረችው ልጅ ናት። እንዲህ ብዬ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፣ ግን ሌላ ምን ልበላት? እጮኛዬ እንዳልል አይደለችም። የቀድሞ እጮኛዬ እንዳልል፣ የቀድሞ የሚባለው ተጣልቶ የተለያየ ነው። እኛ አልተጣላንም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ተጣልተን ቢሆን የምጠላው ሰው አገኝ ነበር።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ስለ አማዞን ለተማሪዎቿ ሥዕል ስትፈልግ ስልኳ አንድ የብራዚል አፓርታማ አምጥቶ ደቀነባት፤ ከዚያ ወዲያ ስልኩም አልተዋት፣ እሷም አልተወችው። ሌላው ሰው ፍቅረኛው የራሷን ፎቶ ትልክለታለች፤ ለእኔ የሚላክልኝ የማላውቃቸው ሰዎች ሳሎን ነበር። ደማቅ ግድግዳ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ቅጠል፣ ቤት ውስጥ የተንጠለጠለ የገመድ አልጋ። እኔ በበኩሌ እንደ ሰው ሶፋና ቡፌ ገዝቼ ልገላገል ነበር ያሰብሁት። ስነግራት ሳቀችብኝ። ከሰኔ እስከ መስከረም ጉም ውስጥ ነው የምንኖረው፣ ሰማዩ አመድ፣ መንገዱ ጭቃ፣ ሰዉ ጋቢ ተከናንቦ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው፤ ቢያንስ ከሥራ ስንመለስ ቤታችን ውስጥ ፀሐይ ትጠብቀን አለችኝ። ቤታችን ስትል እኔ ምን አቅም አለኝ? ተሸነፍሁ።

በዚያን ጊዜ ነገራችን ሁሉ ያለቀ ነበር። ሽማግሌ ልኬ፣ ወላጆቿ እሺ ብለው፣ ዘር ተቆጥሮ። ይህን ለማያውቅ ልንገረው፤ በእኛ አገር ልጅ ከመሰጠቷ በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ቁጭ ብለው ወላጆች፣ አያቶች፣ ቅድመ አያቶች እያሉ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። ከሰባት በታች አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው፣ ጋብቻ የለም። ሀብትም ፍቅርም አያስታርቀውም፣ ቄሱም አያጋባቸውም። የእኛን አንበሳሜ፣ እወላጆቿ ቤት ተቀምጠው ሲቆጥሩ ዋሉ። እኔ ውጭ ቆሜ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ የሚገናኝ ነገር የለም፣ ንጹሕ ነው ብለው ወጡ፤ መረቁን፣ ጠላቸውንም ጠጡ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ከዚያ ወደ ብራዚል ገባን። ቀለሙን የሠራልን ገበያው ውስጥ ያለ አንድ ሙስሊም ባለ ሱቅ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት ከባሕር ዳር የሚመጣው ቀለም ነጭና ክሬም ብቻ ሆኖ ስለነበር፣ ነጩን ከማቅለሚያ ጋር እያደባለቀ ካርቶን ላይ ቀብቶ ያሳያታል። ትንሽ ይሙቅ ትለዋለች። ይጨምራል። አሁን ደግሞ በዛ ትለዋለች። ሲሰለቸው ቀለም ነው እኮ እህቴ፣ ወጥ አይደለም አላት። ልኩን ሲያገኙት ግን እሱም የእሷን ያህል ደስ ብሎት ካርቶኑን ሱቁ በር ላይ ሰቀለው።

ወለሉን ራሳችን ሠራነው። ከካርቶን ላይ የአበባ ቅርጽ ቀደደች፤ እሱን ሲሚንቶው ላይ እያስቀመጥን፣ በሰማያዊና በነጭ እየቀባን፣ በጉልበታችን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ሄድን። የምትመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነበር፣ ያውም በቀን። ሰው ክፉ እንዳያወራ በሩን ገርበብ አድርገን እንተወዋለን፤ የጎረቤት ሴቶች ሲያልፉ አንገታቸውን ብቅ አድርገው በርቱ ይሉናል። አንድ ቀን ስንቀባ ስንቀባ መሀል ላይ ተከብበን ቀረን፣ በአራቱም ወገን እርጥብ ቀለም። እስኪደርቅ ድረስ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈን ተቀመጥን። ምን ምን እንዳወራን አላስታውስም። የጀርባዋን ሙቀት ግን አስታውሰዋለሁ፤ ባላስታውሰው ደስ ባለኝ።

አረንጓዴው ግድግዳ ላይ በቀቀን ይሣልልኝ አለች። ከተማው ውስጥ ግድግዳ የሚሥለው ሰው የጁስ ቤቱ ሠዓሊ ነው፤ ማንጎና አናናስ ላይ እጁ የተፈታ ነው፣ በቀቀን ግን በሕይወቱ አይቶ አያውቅም። ስልኳን ይዞ ሲያይ ሲሥል ዋለና ጨርሶ ዞር ሲል፣ ግድግዳው ላይ የቆመው አውራ ዶሮ ነው። ቀይ ጭራ ያለው፣ ደረቱን የነፋ፣ ሊጮህ የደረሰ አውራ ዶሮ። ደሜ ፈላ። ሰውዬውን ልናገረው አፌን ስከፍት እሷ ሆዷን ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች፣ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። ተወው አለችኝ፤ የደብረ ታቦር በቀቀን እንዲህ ነው፣ ብርድ ስላለ ላባ ጨምሮ ነው አለች። ሠዓሊውም ሳቀ። እኔም ምን በወጣኝ፣ ሳቅሁ።

ኮባውን ከእናቴ ጓሮ ነቅለን በቀባነው የዘይት በርሜል ተከልነው። የቀረው ያ የገመድ አልጋ ብቻ ሆነ። እሷ ሃሞክ ትለዋለች፣ እናቴ ዥዋዥዌ፤ ልጅ ሳይወለድ ዥዋዥዌ እያለች ታሾፍብናለች። መጀመሪያ ከገበያ የናይለን ገመድ ገዝቼ እንደምንም ጠላልፌ ተኛሁበት፤ ጀርባዬ መስመር በመስመር ሆኖ ተነሣሁ። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ ገመድ ከሆነ የቸገራችሁ አጎቴ አሉ አይደለም ወይ አለችኝ።

አጎቴ የምትላቸው የአባቷን ታናሽ ወንድም ነው። የእናቴ አባት ስለሞቱ እኔም እሳቸውን ነው አያቴ የምላቸው። እብናት ገጠር ይኖራሉ፤ ቃጫ ገምደው ጭድ የሚጫንበትን መረብ ሲሠሩ እሳቸውን የሚያህል የለም ይባላል። እናቴ መልእክት ላከችባቸው፣ አጨዳው ካለፈ በኋላ ቃጫቸውን በማዳበሪያ ጆንያ ተሸክመው መጡ። ቤቱን ሲያዩ በሩ ላይ ቆመው አማተቡ። ቢጫውን አዩ፣ አረንጓዴውን አዩ፣ ዶሮው ላይ ሲደርሱ ይኼስ ደኅና ነው አሉ። የሚሠሩት መረብ ሰው የሚተኛበት መሆኑን ስነግራቸው አዩኝና፣ እንግዲህ ሰውም እንደ ጭድ ከተንጠለጠለ ይሁን ብለው ተቀመጡ።

ማደሪያቸው እናቴ ቤት ነው። ጠዋት ይመጡና ሳሎኑ ወለል ላይ፣ አበባዎቹ መሀል ተቀምጠው ሲገምዱ ይውላሉ። እሷን ገና ሲያዩዋት ወደዷት። አባባ ነው የምትላቸው። እሳቸው ቤት ውስጥ ስላሉ አሁን በሥራ ቀንም ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጎራ ብላ አጠገባቸው ትቀመጣለች፣ ቃጫውን በመዳፏ ስትገምድ ይፈታባታል፣ እሳቸው ይስቃሉ፣ ጂኦግራፊ እንጂ ገመድ አላስተማሩሽም ይሏታል። እኔ እነሱን እያየሁ እንዲህ ነው እንግዲህ ቤተሰብ መሆን ብዬ ሆዴ ይሞቅ ነበር።

ያ ቀን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እሷ የተማሪዎቿን ፈተና ታርማለች፣ እኔ የመስኮቱን ጠርዝ እቀባለሁ፣ አያቴ ይገምዳሉ። ሽማግሌ ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም፣ ወገንሽ ከወዴት ነው ብለው ጠየቋት። አንበሳሜ አለቻቸው። አንበሳሜንማ ስንት ገበያ ተመላልሼበታለሁ አሉ። የእናቴ እናት ግን፣ አለች እሷ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ የተወለደችው በእናንተ በኩል ነው፣ እብናት፤ ሕፃን ሆና በእናቷ ጀርባ ነው የመጣችው ትላለች። የተወለደችበትንም ደብር ጠራች።

አያቴ መግመዱን አልተዉም። የእናቷን ስም ታውቂዋለሽ ወይ አሏት። ታውቀው ኖሯል፣ ነገረቻቸው። ያኔ እጃቸው ቆመ። የአባቷንስ አሉ። እሱንም ነገረቻቸው፣ ዘር ሲቆጠር የተጠራውን ስም። አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። እስቲ ደውለሽ ጠይቂልኝ፣ የወለደሽ ማን ነው ብለሽ ጠይቂልኝ አሏት። እሷ የሽማግሌ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ለእናቷ ደወለች፤ እናቷ ስልኩን ለአሮጊቷ ለአያቷ አቀበለቻቸው። ድምፁን ከፍ አድርጋ መሀላችን ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። የአሮጊቷ ድምፅ ቀጭን ነበር፣ ግን አንድም ቃል አልጠፋንም። ያ የምትይው አሳዳጊዬ ነው አሉ፣ ነፍሱን ይማረውና በስሙ ያሳደገኝ። የወለደኝ እብናት ቀርቷል። ስሙንም ተናገሩ። ምነው ጠየቅሽኝ ሲሏት መልሼ እደውላለሁ ብላ ዘጋችው።

የተናገሩት ስም ገመድ የሚገምዱት የአያቴ አባት ስም ነው።

ታሪኩን ሙሉውን የሰማሁት ያኔ ነው። የአያቴ አባት መጀመሪያ ካገቧት ሴት ጋር ተፋቱ፤ እሷም የወለደችላቸውን ሕፃን አዝላ ሄዳ አንበሳሜ ሌላ ባል አገባች። እሳቸውም ሌላ አገቡና የእናቴን አባትና እኚህን አያቴን ወለዱ። ሊሞቱ ሲሉ ሁለቱን ልጆቻቸውን ጠርተው፣ አንዲት እህት አለቻችሁ፣ ፈልጋችሁ አግኟት አሉ። ወንድማማቾቹ ፈለጓት። አንበሳሜ ገበያ እየሄዱ የእገሌን ልጅ የምታውቁ እያሉ በአባቷ ስም ጠየቁ፣ የሚያውቃት ጠፋ። በእንጀራ አባቷ ስም ነዋ የምትጠራው። የእናቴ አባት ሳያገኟት ሞቱ። እኚህም በቃ ሞታለች ብለው ተስፋ ቆርጠው ተቀምጠው ነበር።

አያቴ ተነሡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁልጊዜ ክንዴን ይዘው ነው የሚነሡት፣ ያን ዕለት ግን ማንንም አልያዙም። ትከሻዋን ይዘው ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እንደገና ጉንጯን ሳሟት። የእህቴ የልጅ ልጅ እያሉ ያለቅሳሉ። እሷም ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ የፈተና ወረቀቶቿ ወለሉ ላይ ተበትነዋል። እኔም ቡሩሹን እንደያዝሁ እስቃለሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ እየሳቅሁ ነበር።

ቀድሞ የገባት እሷን ነው። ሳቋን አቋርጣ ወደ እኔ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ እኔና እሱ ስንተኛ ነን?»

አያቴ በደስታቸው ሙሽራ መሆኗን ረስተውት ኖሯል። አውራ ጣታቸውን ሌሎቹ ጣቶቻቸው ላይ እያሳረፉ ቆጠሩ። ከእኔ ወደ እናቴ፣ ከእናቴ ወደ አባቷ፣ ከእሳቸው ወደ አባታቸው። ከእሷም ወደ እናቷ፣ ከእናቷ ወደ አሮጊቷ፣ ከአሮጊቷ ወደዚያው ሰው። ሦስተኛው ላይ ገጠምን። ሰባት የተባለው ሦስት ላይ አለቀ። ደግመው ቆጠሩት፣ ደግሞም ሦስት ነው። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

በሩ እንደ ልማዳችን ገርበብ ብሎ ነበር። ሄጄ ዘጋሁት። ማንም አልሰማም አልሁ። ሽማግሌዎቹ ቆጥረው ንጹሕ ነው ብለዋል፣ እኛ ምን አገባን? ሠርጉ ደርሷል፣ ድግሱ ተጠንስሷል፣ ደግሞስ ያ ሰው ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፣ አጥንቱ እንኳ የት እንዳለ ማን ያውቃል? በኮንዶሚኒየም ዘመን ዘር ይቆጠራል ወይ? ብዙ ነገር አልሁ። የምለው ለራሴም ጆሮ ይሰማኛል፣ ግን ማቆም አልቻልሁም። አያቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ እኔ ዝም ማለት እችላለሁ» አሉኝ። «እህቴን ሳላያት እዚህ ደርሻለሁ፤ ሳላያት ብሞትም የሚጠይቀኝ የለም። እናንተው ወስኑ።»

እንዲህ ባይሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቢከለክሉኝ እጣላቸው ነበር፣ ሽማግሌ ሆነው እድሌን ዘጉት ብዬ እራገማቸው ነበር። እሳቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን የፈለጉትን ነገር አንሥተው እኔ እጅ ላይ አስቀመጡት። ያውም እየጓጉ፤ ዓይናቸው አሁንም አሁንም ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር፣ የእህታቸው ድምፅ የወጣበት እሱ ነዋ። እኔ ደግሞ አፍሬ እንኳ አላፈርሁም፤ በቃ እሳቸው ብለዋል ብዬ ወደ እሷ ዞርሁ።

እሷ ወረቀቶቿን እየሰበሰበች ነበር። አንድ በአንድ አነሣቻቸው፣ ጠርዛቸውን አስተካከለች፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

«አያቴ ወንድም የለኝም ብላ ነው ያረጀችው» አለች። «ወንድሟን እዚህ ደብቄ እኔ ሙሽራ ልሁን?»

መለስሁላት። ከእኔ አሮጊቷ በለጡብሽ ማለት ነው አልኋት። ከዚህ የባሰም ተናግሬያለሁ፣ አልጽፈውም። እሷ ታለቅሳለች፣ አያቴም ያለቅሳሉ። ያ የማንጎ ቢጫ ግድግዳ ዓይኔን ሲወጋኝ ትዝ ይለኛል። ያን ያህል ያንጸባርቃል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ አንበሳሜ ይዛቸው ሄደች። ሁለቱም አብረኸን ና ብለውኝ ነበር፣ አልሄድሁም። በረንዳው ላይ ቆሜ ወደ መናኸሪያ ሲወርዱ አየኋቸው፤ እሷ ክንዳቸውን ይዛለች፣ እሳቸው ነጭ ነጠላቸውን ለብሰዋል፣ ያን የታመመ ጉልበት እየጎተቱ ሊሮጡ ነው የደረሱት። ያላለቀውን መረብ ጠቅልለው ጆንያ ውስጥ ከተውታል። አሁን ጭድ የሚጫንበት ይመስለኛል።

የሆነውን በኋላ ከእናቴ ሰማሁ። አሮጊቷ ዓይናቸው ስለደከመ በእጃቸው ነው አሉ ወንድማቸውን ያዩት፣ ግንባራቸውን፣ አፍንጫቸውን፣ አገጫቸውን እየዳሰሱ። መጀመሪያ የጠየቁት አባቴ አንሥቶኝ ያውቃል ወይ ብለው ነው። ፈልጓት ብሎ ነው የሞተው ሲሏቸው እንደ ልጅ ተንሰቀሰቁ አለች እናቴ። ይህን ስትነግረኝ እሷም ታለቅሳለች። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጥተው እናቴ ቤት አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። ቆጠራው የተበላሸው እንዲህ ነው፦ እነሱ ሳሎን ተቀምጠው ወንድ ወንዱን ሲጠይቁ፣ አሮጊቷ ጓዳ ውስጥ እሳት ዳር ነበሩ። የእሳቸው አባት ማን ነው ሲባል የአሳዳጊያቸውን ስም የተናገረው የልጃቸው ባል ነው፤ እሱም የሚያውቀው እሱኑ ነው። እዚያው አንድ ግድግዳ ብቻ ለይቷቸው የተቀመጡትን አሮጊቷን ራሳቸውን ልጠይቅ ያለ አንድ ሰው አልተገኘም። ሽማግሌዎቹ ይህን ሁሉ ነገር ሲሰሙ ሄደው አሮጊቷን፣ ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገሩም ብለው ጠየቋቸው።

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ።

በሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ እበግናለሁ። አንድ ጥያቄ ጠይቀው ቢሆን ገና ከጅምሩ አይሆንም ይሉኝ ነበር። አዝኜ እተወው ነበር፤ ወለሉን አልቀባም፣ ጀርባዋን አልደገፍም፣ ቤታችን ስትል አልሰማም ነበር። ደግሞ ሌላ ጊዜ በራሳችን እበግናለሁ። እንደ ሰው ሶፋ ገዝተን ቢሆን ኖሮ ገመድ አያስፈልገንም፣ አያቴም አይመጡም፣ ዛሬ ልጅ ነበረን። ይህንን እያሰብሁ ስንት ጊዜ ብራዚልን ረገምሁ፣ አገሩ ምን አደረገኝ። ከዚያ ደግሞ አሮጊቷ በጣታቸው የወንድማቸውን ፊት ሲዳስሱ ይታየኛል፣ እርግማኑም አፌ ላይ ይቀራል። አንጀቴ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ነው። ማንም አልበደለኝም።

ቀለሙን ልለውጠው ወደ ባለ ሱቁ ሄጄ ነበር፣ ክሬም ስጠኝ ብዬ። ወሬውን ሰምቷል፣ ከተማችን ትንሽ ናት። አየት አደረገኝና ለጊዜው ክሬም የለም አለኝ። ከኋላው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሌላ ሱቅ መሄድ እችል ነበር፣ ግን እግሬ ወደ ቤት መለሰኝ። ቤቱ ያው እንደሆነ አለ፤ ሰው ሲመጣ ስለ ዶሮው ይጠይቀኛል፣ በቀቀን ነው እለዋለሁ።

የማልችለው ሌላ ነው። እናቴ እሷን አልተወቻትም፣ እንዴትስ ትተዋታለች? የአክስቷ የልጅ ልጅ ናት። ዓመት በዓል ሲመጣ ትጠራታለች፣ እሷም ዳቦ ይዛ ትመጣለች፣ ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሊጋቡ ነው በምንባልበት ጊዜ ሰው ፊት በጨዋ ደንብ እጅ ለእጅ ነበር የምንጨባበጠው፤ ከእናቴ ፊት ቀና ብዬ እንኳ አላያትም ነበር። አሁን ግን ዘመድ ነን። ስትገባ በሰው ሁሉ ፊት ጉንጬን ትስመኛለች፣ እንደ ዘመድ፣ ግራና ቀኝ፣ ደግማ። ማንም ዓይኑን አያነሣም። እናቴ ደግሞ እንዴት ደስ እንደሚላት። እኔ ጉንጬን ሰጥቼ ትንፋሼን ይዤ እቆማለሁ፣ ሽታዋ እንዳይገባኝ። እሷም አላገባችም፣ እኔም አላገባሁም፤ ስለዚህ ነገርም አንድ ቀን አንሥተን አናውቅም።

ባለፈው ዓመት አሮጊቷ አረፉ። እናቴን ይዤ አንበሳሜ ሄድሁ። የሩቅ ለቀስተኛ መስዬ ከዳር ልቀመጥ አስቤ ነበር፣ አያቴ ግን ከድንኳኑ መሀል ሆነው በእጃቸው ጠሩኝ፤ አንተ ቤተሰብ ነህ፣ ቦታህ እዚህ ነው አሉኝ። እሳቸው እህታቸውን ካገኟት ወዲህ በየገበያው ቀን ሳያዩዋት ቀርተው አያውቁም ነበር፣ አሁን ድምፃቸው ተዘግቷል። ከእሳቸው ቀጥሎ እናቴ፣ ቀጥሎ የእሷ እናት፣ ቀጥላ እሷ፣ ጥቁር ለብሳ። የተረፈው ወንበር ከእሷ አጠገብ ያለው ነበር። ተቀመጥሁ።

ሰዉ በተራ ይመጣል፣ ከፊታችን ጎንበስ ይላል፣ እግዜር ያጥናችሁ ይላል፣ ያልፋል። ሁለታችን አብረን ነበር የምንነሣው፣ አብረን ነበር የምንቀመጠው። ለሠርጋችን ይመጣሉ ብለን የጠራናቸው ሰዎች ናቸው ብዙዎቹ፣ አንድ በአንድ እየመጡ እጃችንን ይዘው አለፉ። እሷ ለቅሶ ደክሟት ትከሻዋ ትከሻዬን ነክቶ ቀረ፣ አልተሸሸሁም።

ወደ መጨረሻው አንዲት ከሩቅ የመጡ እናት፣ ማናችንንም የማያውቁ፣ የእሷን እጅ በአንድ እጃቸው፣ የእኔን በሌላው ያዙ። አየት አየት አደረጉንና፣ ባልሽ ነው ወይ ልጄ ብለው ጠየቋት።

እኔ መሬቱን አየሁ። እሷ ለመመለስ ጊዜ አልወሰደባትም።

«ወንድሜ ነው» አለቻቸው።

ሴትዮዋ ሁለቱንም እጆቻችንን አንድ ላይ አደረጉና በመዳፋቸው ሸፈኑት። አንዳችሁን ለአንዳችሁ ያቆይላችሁ ብለው መረቁን። እሷ አሜን አለች። እኔም አሜን አልሁ።